ፋሲካ የሌለው ጾም

መጠጥ ለማቆም ወስኛለሁ። ጾም አልገባም። ስለትም የለብኝም። ወሩ ጥቅምት ነው፤ ጣና ከክረምቱ በኋላ ጢም ብሎ ሞልቷል፤ ባሕር ዳርም ማታ ማታ ደምቃለች። ለማቆም የማይመች ወቅት ካለ ይሄ ነው። የመረጥኩትም ለዚሁ ነው።

ለዓመታት የምጽናናበት አንድ ነገር ነበረኝ፤ ሁዳዴ። ዓመቱን ሙሉ ከድራፍት ቤት ወደ አዝማሪ ቤት፣ ከዚያ ወደ ጭፈራ ቤት ስዞር እከርማለሁ። ጾሙ ሲገባ እርግፍ አድርጌ እተወዋለሁ። 55 ቀን ጠብታ አልቀምስም። «ሱስ ቢኖርብኝ እንዴት እችል ነበር?» እላለሁ። ጓደኞቼም ይመሰክሩልኛል። በነዚያ ሳምንታት በሐሳቤ የሚመላለሰውን ግን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ሆሳዕና ሳይደርስ ፋሲካን የት እንደምናመሽ በጭንቅላቴ አልቆ ነበር። ዳግማይ ትንሣኤ ሲመጣ ሁሉም ነገር ወደ ቦታው ተመልሷል። ለካ ቀን ስቆጥር ነው የምከርመው። አሁን የሚቆጠር ቀን የለም፤ የሚያስፈራኝም እሱ ነው።

ነገሩ የመጣው በእናቴ በኩል ነው። እናቴ የምትኖረው ዳንግላ ነው። የምትደውልልኝ ጠዋት፣ ቡና ስታፈላ ነው፤ ሲኒው ሲንኳኳ በስልኩ ይሰማኛል። ሰሞኑን አክስቴ ታማ እንዳደረች ነገረችኝ። «ታዲያ ማታውኑ ለምን አልደወልሽልኝም?» አልኳት። ትንሽ ዝም አለች። «ማታ እኮ አንተን አላገኝህም ልጄ» አለችኝ። ስልኬ ማታም እንደሚሠራ ሁለታችንም እናውቃለን። አልተቆጣችም፤ አልመከረችኝም። ስለ አክስቴ መድኃኒት ማውራቷን ቀጠለች። እኔ ግን ቀኑን ሙሉ ሥራ ላይ ሆኜ ያቺ ንግግር ከጆሮዬ አልወጣችም። ቤተሰብ ውስጥ ችግር ሲመጣ፣ ከመሸ የማይፈለግ ሰው ሆኛለሁ ማለት ነው።

መጀመሪያ የነገርኩት ነርስ ለሆነችው እህቴ ነው። «እሰይ» ትለኛለች ብዬ ስጠብቅ ጥያቄ አዥጎደጎደችብኝ። ሳትጠጣ ስትውል እጅህ ይንቀጠቀጣል? ያልብሃል? ጠዋት ሳትቀምስ መነሳት ያቅትሃል? የለም፣ አልኳት። ከዚያ ነው ፊቷ የተፈታው። በየቀኑ አብዝቶ የሚጠጣ ሰው በአንዴ ሲያቆም ሊንቀጠቀጥ፣ ራሱን ስቶ ሊንፈራገጥ፣ የሌለ ነገር ሊያይ ይችላል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት ክፉ ናቸው፤ ሰው ሊሞትም ይችላል። እንዲህ ያለው ሰው ሐኪም እያየው፣ በመድኃኒት ታግዞ ነው ማቆም ያለበት። ይህንን የማያውቅ ስንት ቤተሰብ አለ! ልጁ ይተው ብሎ ቤት ይዘጋበታል። ጠበሉም ይሁን፣ ሐኪሙ ግን አይቅር።

የኔ ፈተና ሌላ ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አስወጥቷል፤ ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው መሸጥንም ከልክሏል። በጣም ጥሩ ነገር ነው። እኔን ግን ያስጀመረኝ ማስታወቂያ አይደለም፤ «በሞቴ» ነው። ከልቡ የሚወደኝ ሰው «በሞቴ አንዲት ብቻ» ሲለኝ እምቢ ማለት ንቀት ይመስለኛል። ባለፈው አርብ ከልጆቹ ጋር ሐይቁ ዳር ተቀምጠን፣ አስተናጋጁ ሳልጠይቀው ድራፍቴን አምጥቶ ፊቴ አስቀመጠ። አረፋው በብርጭቆው ጠርዝ እየወረደ ጠረጴዛውን አራሰው። አፌ ውሃ ሞላ፤ እውነቱን ልናገር። «አምቦ ውሃ አምጣልኝ» አልኩት። ጠረጴዛው ጸጥ አለ። አንዱ «አሞሃል እንዴ?» አለ። «አይ፣ ትቻለሁ» አልኩ። «እስከ መቼ?» አለኝ። የሚመለስ አልነበረኝም። ድራፍቱን ሌላው ጠጣው፤ ጨዋታው ቀጠለ። አሳው ሲመጣ አብሬ በላሁ። በጊዜ ተሰናብቼ በባጃጅ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ምሽቱ እንዲህ ረጅም መሆኑን አላውቅም ነበር። ከሥራ ስወጣ በሐይቁ ዳር መንገድ በእግሬ እሄዳለሁ። ታንኳ የሚቀዝፉ ሰዎች ከደንገሉ መሃል ብቅ ይላሉ፤ ከዘጌ በኩል የሚመጡ ጀልባዎች ሰው ያወርዳሉ። እንዲህም ሆኖ ከሁለት ሰዓት በኋላ ያለው ጊዜ ይከብደኛል። ያኔ ለእናቴ እደውላለሁ። መጀመሪያ ሰሞን «ምን ሆንክ?» ብላ ደንግጣ ነበር። አሁን ለምዳዋለች። ስለ ጤፉ፣ ስለ ጎረቤቶቿ፣ ስለ አክስቴ ታወራልኛለች።

ጥር ላይ የቅርብ ጓደኛዬ ሰርግ አለ፤ እኔ ሚዜው ነኝ። ሰርጉ ጠላና ጠጅ በጠላና ጠጅ ነው የሚሆነው። የዚያን ቀን ከማፍር ብዬ ከአሁኑ ነገርኩት። «እናቴ ብርዝ ትበጠብጥልሃለች፤ በብርሌ ይዘህ ቁጭ በል፤ ማንም አያውቅብህም» አለኝ። ብርዙን በደስታ እጠጣለሁ። መደበቁን ግን አልፈልገውም፤ ለሚጠይቀኝ ሁሉ ትቻለሁ እለዋለሁ ብዬዋለሁ።