ፖርት ላይ የሴፍቲ መርፌ ልምምዴ፦ ከመውጋቱ ይልቅ መንቀሉ

ደሴ ለምንሠራ ነርሶች ፖርት የየዕለት ነገር አይደለም። አልፎ አልፎ ግን ውጭ አገር ታክመው፣ ደረታቸው ላይ ፖርት አስተክለው የሚመለሱ ታካሚዎች ይገጥሙናል። ፖርት መድኃኒት የሚሰጥበት ትንሽ ዕቃ ነው፤ ከቆዳ ሥር ይቀበራል። ከሱ የሚነሳው ቀጭን ቱቦ ልብ አጠገብ ካለው ትልቅ ደም ሥር ይደርሳል። ኬሞ (የካንሰር መድኃኒት) ለሚወስድ ሰው ትልቅ እፎይታ ነው፤ ደም ሥር ፍለጋ ክንዱ አይበሳሳም።

መርፌው ሂዩበር ይባላል። ጫፉ ጎበጥ ስለሚል የፖርቱን የሲሊከን ክዳን ገለጥ አድርጎ ያልፋል እንጂ ቆርሶ አያወጣም። ተራ መርፌ ግን ሲሊከኑን ይቦረቡረዋል፤ ውሎ አድሮ ፖርቱ ማፍሰስ ይጀምራል። ስለዚህ እባካችሁ፣ «በተገኘው እንሥራ» እዚህ ላይ አይሆንም።

መውጋቱን ቶሎ ለመድኩት። ስቴራይል ጓንት ማድረግ፣ ቆዳውን ማጽዳትና እስኪደርቅ መታገሥ፣ ፖርቱን በጣት ደግፎ ይዞ በ90 ዲግሪ ቀጥ አድርጎ ማስገባት። መርፌው የፖርቱን ወለል ሲነካ እጅ ላይ ይታወቃል። ደም መመለሱ ሳይታይ መድኃኒት አይሰጥም። ሲሪንጁም ከ10 ሚሊ ሊትር አይነስ፤ የትንሹ ግፊት ቱቦውን ሊጎዳው ይችላል።

ጊዜ የወሰደብኝ መንቀሉ ነው። ሲሊከኑ መርፌውን ጥርቅም አድርጎ ይይዘዋል። ስትስቡት እምቢ ይላል። ጉልበት ስትጨምሩ ድንገት ልቅቅ ይላል። ያኔ መርፌ የያዘው እጅ ይነጥርና ፖርቱን የደገፈውን ሌላውን እጅ ይወጋል። ሴፍቲው፣ ማለትም መርፌውን የሚሸፍነው መከለያ፣ የተሠራው ለዚህች ቅጽበት ነው። እኔ በተለማመድኩበት ዓይነት፣ የመርፌውን መቀመጫ በጣቶቼ ቆዳው ላይ ተጭኜ እይዛለሁ። በሌላው እጄ መያዣውን ወደ ኋላ እስባለሁ። መርፌው መከለያው ውስጥ ይገባና «ቀጭ» ይላል። ቀጭ ካላለ አልተቆለፈም፤ እጅ አይለቀቅም።

ታካሚ ከመንካቴ በፊት ቀኑ ባለፈበት መርፌ ወፍራም ጎማ ላይ ደጋግሜ ሞክሬያለሁ። ይህን ለሁላችሁም እመክራለሁ፤ የሴፍቲው አሠራር እንደ አምራቹ ይለያያል፣ የአንዱን መልመድ ለሌላው አይበቃም።

አንዲት እናት «ሲስተር፣ እኔስ ሲነቀል ነው የምፈራው» አሉኝ። «አብሽሩ እማማ፣ ትንፋሽ ሳብ አድርጉ» አልኳቸው። ሳብ እንዳደረጉ ቀጭ አለ። «አለቀ እንዴ?» ብለው ዞረው አዩኝ። መርፌው ወዲያው ሴፍቲ ቦክስ (ያገለገለ መርፌ መጣያ) ገባ።

ደም የነካ መርፌ ሲወጋ ኤችአይቪ የመተላለፍ ዕድሉ 0.3 በመቶ ገደማ ነው። የጉበት ቫይረስ ቢ ግን ክትባት ላልወሰደ ሰው እስከ 30 በመቶ ሊደርስ ይችላል። ክትባታችሁን ጨርሱ። ከተወጋችሁም በሳሙናና ውኃ ታጥባችሁ በዚያው ሺፍት ሪፖርት አድርጉ። የኤችአይቪ መከላከያው በ72 ሰዓት ውስጥ ካልተጀመረ አያገለግልም፤ በቶሎ ሲሆን ደግሞ ይሻላል።

መርፌውን ከውጭ የሚያመጡት አብዛኛውን ጊዜ ቤተሰቦች ናቸው። ሲጠይቁን «ሂዩበር» ብለን ብቻ አንሸኛቸው። ሴፍቲ ያለው መሆኑንና ርዝመቱን ጽፈን እንስጣቸው። አጭሩ ወፈር ላለ ሰው ወለሉ ጋ አይደርስም፤ ረጅሙ ቀጭን ሰው ላይ ከቆዳ በላይ ቀርቶ ይወዛወዛል።

አሁን እየተለማመድኩ ያለሁት የመጨረሻዋን ሳላይን (ቱቦ ማጠቢያ የጨው ውኃ) እየገፉ ክላምፑን (የመርፌውን ቱቦ መቆንጠጫ) መዝጋት ነው፤ ደም ወደ ቱቦው እንዳይመለስ። ብቻዬን ስሆን እጅ ያጥረኛል። ኮምቦልቻና ወልዲያ ያላችሁ፣ እናንተ በሁለት ሰው ነው የምትሠሩት?