የእህቴን ልጆች ለማሳደግ ፍርድ ቤት የተመላለስኩበት ዓመት

እህቴ በጥር 2015 ዓ.ም. ስታርፍ አዲስ አበባ ዳር ቱሉ ዲምቱ ወዳለው ቤቴ ሁለት ልጆች ገቡ። ትልቋ 12 ዓመቷ ነበር፤ ትንሹ 9። አባታቸው በ2006 ዓ.ም.፣ ትንሹ ገና የስድስት ወር ሕፃን ሳለ አርፏል። ማን ያሳድጋቸው የሚል ጥያቄ በለቅሶው ቤት አልተነሣም። ከሠልስቱ ማግስት ልብሳቸውን በሁለት ማዳበሪያ ይዘን መጣን፤ እኔም ነገሩ በዚሁ ያለቀ መሰለኝ።

አላለቀም ነበር። አንድ ዓመት ሙሉ ምንም ወረቀት ሳልይዝ ኖርኩ። እናቴ ከል አላወለቀችም፤ ጎረቤት ቡና ላይ «ደምሽ አይደሉም እንዴ? ለገዛ ደምሽ ፍርድ ቤት ምን ይፈይዳል?» ይለኛል። እኔም የእህቴን ጡረታ መጠየቅ በሞቷ ገንዘብ መፈለግ መስሎ ታየኝና አፈርኩ። ሙት ዓመቷ ይውጣ እያልኩ ዓመቱን በብድር ገፋሁት። አሁን ግን እንዲህ ያለ ሐዘን የደረሰባት ሴት ብታማክረኝ፣ አርባው ሳይወጣ ጀምሪ እላታለሁ። ገንዘቡ የእኔ አልነበረም፤ የልጆቹ ነው። እኔ በማፈሬ የተጎዱት እነሱ ናቸው።

እህቴ ቃሊቲ አካባቢ በአንድ ፋብሪካ የማሸጊያ ክፍል ትሠራ ነበር። የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ በ2003 ዓ.ም. ሲጀመር ጀምሮ በየወሩ ተቆርጦላታል፤ መዋጮው ዛሬ ከሠራተኛው 7፣ ከአሠሪው 11 በመቶ ነው። 10 ዓመት ያለፈ አገልግሎት ስለነበራት ልጆቿ በየወሩ የተተኪ አበል ይገባቸዋል። 10 ዓመት ባይሞላት ኖሮ የሚከፈለው አንድ ጊዜ ብቻ ነበር። ሕጉ ለአንድ ልጅ የሟችን ጡረታ 20 በመቶ ይሰጣል፤ እናትም አባትም ለሌለው ልጅ ግን 30 በመቶ። የሟች ጡረታ 1,000 ብር ቢሆን በ200 እና በ300 ብር መካከል ያለው ልዩነት ለአንድ ልጅ የደብተርና የጫማ ነው። ያንን ልዩነት ለማግኘት ደግሞ አባታቸው መሞቱን የሚያረጋግጥ ወረቀት ያስፈልጋል።

ያ ወረቀት አልነበረም። ልደትና ሞት በሀገር አቀፍ ደረጃ መመዝገብ የጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው፤ እሱ ያረፈው ከዚያ በፊት። ግራ ገብቶኝ አቃቂ ወደሚገኘው የእህቴ እድር ሄድኩ። የእድሩ ጸሐፊ፣ አንድ ሽማግሌ፣ ጠርዙ የተበላ ትልቅ መዝገብ አውጥተው በሌባ ጣታቸው ስም እየተከተሉ ወረዱ። አገኙት። በሰማያዊ እስክሪብቶ የአባታቸው ስም፣ ቀኑ፣ ለቀብር የወጣው ገንዘብ፣ ከጎኑም የተቀባይ ፊርማ። ፊርማው የእህቴ ነው። የስሟን የመጀመሪያ ፊደል ሁልጊዜ እንደምታደርገው ወደ ታች አርዝማ ጎትታዋለች። ጸሐፊው ዝም ብለው ውኃ አስመጡልኝ። በዚያ መዝገብ ላይ ተመሥርቶ የተጻፈው የእድሩ ደብዳቤና የሦስት ሰዎች ምስክርነት ናቸው ሞቱን ዘግይቶ ለማስመዝገብ መንገዱን የከፈቱልን።

ትንሹም የልደት ምስክር ወረቀት አልነበረውም። እህቴ ሰነዶቿን የምታስቀምጠው ቁም ሣጥን ውስጥ በታሰረ ፌስታል ነበር። ስፈታው የትምህርት ቤት ካርድ፣ የመብራት ደረሰኝ፣ ከሥሩ ደግሞ በአራት ታጥፎ የለሰለሰ የክትባት ካርድ አገኘሁ። ስሙ፣ የተወለደበት ቀን፣ የጤና ጣቢያው ማኅተም፣ ሁሉም ይነበባል። ወረዳው ልደቱን የመዘገበልን በዚያች ካርድ መነሻነት ነው። የልጆቻችሁን የክትባት ካርድ አትጣሉ።

አሁን ወደ ፍርድ ቤቱ ልምጣ፤ ብዙ ጊዜ ያባከንኩት እዚያ ነውና። በየካቲት 2016 ዓ.ም. ማመልከቻ በክፍያ ከሚጽፍ ሰው ዘንድ ሄጄ «የእህቴን ልጆች ላሳድግ» አልኩት። እሱም የነገርኩትን ጻፈ፤ አሳዳሪ እንድባል ጠየቀልኝ። ፍርድ ቤቱም የተጠየቀውን ሰጠኝ። ደስ ብሎኝ ውሳኔውን ይዤ ጡረታ ስጠይቅ «ይህ አይበቃም» ተባልኩ። ለካስ በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ሁለቱ ይለያያሉ። አሳዳሪ የልጁን አካልና አኗኗር፣ ማለትም ጤናውን፣ ትምህርቱንና መኖሪያውን የሚጠብቅ ነው። ገንዘቡንና ንብረቱን በስሙ የሚቀበልና የሚያስተዳድር ደግሞ ሞግዚት ይባላል። እኛ በሰፈር ሞግዚት የምንለው ሕፃን የምትይዝ ተቀጣሪ ስለሆነች ቃሉ ለእኔ ትንሽ መስሎኝ ነበር። ማመልከቻው «አሳዳሪና ሞግዚት» ብሎ ሁለቱንም መጠየቅ አለበት። እኔ ይህን ባለማወቄ እንደገና ማመልከት ግድ ሆነብኝ።

ሁለተኛው ችሎት የመጀመሪያውን ያህል ቀላል አልነበረም። ወላጅ በኑዛዜ የሾመው ሰው ከሌለ ሕጉ ቅድሚያ የሚሰጠው ለአያቶች ነው፤ ቀጥሎ 18 ዓመት ለሞላቸው ወንድምና እህት፣ ከዚያ በኋላ ለአጎትና ለአክስት። ዳኛዋም «አያት አሉ?» ብለው ጠየቁ። እናቴን ከደብረ ብርሃን አካባቢ አስመጣኋት። ነጠላዋን አደግድጋ ቆመች።

«እናቴ፣ ልጆቹን ማሳደግ አይፈልጉም?» አሏት ዳኛዋ።

«ማሳደጉን ጠልቼ አይደለም ልጄ፣ ጉልበቴ ከእነሱ ጋር አይሮጥም። ለእሷ ሰጥቻለሁ፤ እኔም በእሷ እጅ ነኝ።»

ያ ቃል መዝገብ ላይ ሲሰፍር እኔ ወለሉን እያየሁ ነበር። ቀጥሎ ትልቋን ለብቻዋ ጠሯት። ስትወጣ ምን እንደጠየቋት ጠየቅኳት። «ከማን ጋር መኖር እንደምፈልግ። እኔም ወንድሜ አብሮኝ ነው ወይ አልኳቸው» አለችኝ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 የሕፃኑ ጥቅም ይቅደም ሲል፣ ለእኔ ትርጉሙ ያች ጥያቄ ናት።

ውሳኔው የወጣው በሐምሌ፣ ፍርድ ቤቶች ለክረምት እረፍት ሊዘጉ ሲሉ ነው። አበሉ መከፈል የጀመረው ግን በኅዳር 2017 ዓ.ም.፤ ምክንያቱም ፋብሪካው በያዘው የቤተሰብ ቅጽ ላይ ትንሹ አልተመዘገበም ነበር። እህቴ ቅጹን የሞላችው እሱ ሳይወለድ ነው፤ ከዚያ በኋላ አስተካክዪ ያላት የለም። በዚህ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ደመወዝተኛ የሆናችሁ ሁሉ፣ ነገ ጠዋት ሥራ ስትገቡ ያን ቅጽ አስወጥታችሁ እዩት።

እንደ እኛ ዳር ላይ ለምትኖሩ አንድ ነገር ልጨምር። ከቱሉ ዲምቱ ትንሽ አልፎ ገላን የሚኖር ሰው ጉዳዩ የሚታየው በኦሮሚያ ፍርድ ቤትና በክልሉ የቤተሰብ ሕግ ነው። ሰነድ ማሰባሰብ ከመጀመራችሁ በፊት ቤታችሁ በየትኛው አስተዳደር ሥር እንደሆነ አረጋግጡ። ጠበቃ የመቅጠር አቅም ለሌላት ሴት ደግሞ የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ነፃ የሕግ ምክር ይሰጣል፤ እኔ ይህን ቀድሜ ባውቅ ኖሮ ሁለት ጊዜ ባላመለከትኩ።

አበሉ ብቻውን ልጅ አያሳድግም። የያዘን ሌላው ነገር በመንግሥት ትምህርት ቤት ያለው ምገባ ነው፤ ቁርስና ምሳ እዚያ ይበላሉ፣ ደንብ ልብስና ደብተርም ያገኛሉ። የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን ካርድ አወጣን። ለችግረኛ ቤተሰብ በሚሰጠው የከተማ ሴፍቲኔት ቋሚ ድጋፍ እኔ ደመወዝ ስላለኝ አልተመረጥኩም፤ ሁለት የልጅ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ አንዲት ጎረቤታችን ግን ተመርጠዋል፤ ለእሳቸው ይገባል።

አበሉን ከደመወዜ ጋር እንዳይቀላቀል በተለየ የባንክ ሒሳብ ነው የማስገባው። ሞግዚት ስለሚያስተዳድረው ገንዘብ ተጠያቂ ነውና ወጪውን ሁሉ ባለ መስመር ደብተር ላይ እጽፋለሁ። ከመስከረም ወዲህ የምትጽፈው ትልቋ ናት። በቀደም «የወንድሜ ጫማ፣ 2 እስክሪብቶ» ብላ ከጻፈች በኋላ ከሥሩ ፈረመች፤ የስሟን የመጀመሪያ ፊደል ወደ ታች አርዝማ ጎተተችው። የእናቷን ፊርማ አይታ እንደሆነ ጠየቅኳት፤ አላየችም። በሚመጣው እሑድ እድሩ ሲሰበሰብ ይዣት እሄዳለሁ። ጸሐፊው መዝገቡን ሊያሳዩዋት ቃል ገብተውልኛል።