ያልወረድኩባት ደሴት

ከሎንዶን ተነስቼ ስኮትላንድ ሉዊስ ደሴት ላይ ያለችው ስቶርኖዌይ ከተማ እስክደርስ ያለውን ባቡርና ፌሪ ተዉት፣ አያልቅም። ጥፋቴ ቅዳሜ ማታ መግባቴ ነው። ሉዊስ ደሴት ላይ ሰንበት ያከብራሉ፣ እሁድ አብዛኛው ሱቅ ዝግ ነው። እናቴ ብታይ ደስ ይላት ነበር፣ እኔ ግን በብስኩት ዋልኩ። ያረፍኩበት ቤት ደግሞ አልጋው ሰፊ ነው ብለው ለብቻዬ የሁለት ሰው ሂሳብ ተቀበሉኝ።

ሰኞ በትንሽ ጀልባ ወጣን። ፍላናን ደሴቶች ከሉዊስ በስተምዕራብ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ናቸው። ቁርሴ አብሮኝ የዘለቀው እስከ ግማሽ መንገድ ነው። ካፒቴኑ፣ ሽማግሌ ሰው፣ ምንም ሳይሉ ከራሳቸው ፔርሙስ ሻይ ቀዱልኝ።

እዚያ ለመርከቦች የሚያበራው የመብራት ማማ 23 ሜትር ነው፣ በ1899 (እ.ኤ.አ.) የበራ። ዓመት እንዳለፈው ሦስቱ ጠባቂዎች፣ ዱካት፣ ማርሻልና ማክአርተር፣ ጠፉ። ተተኪ ይዛ የመጣችው መርከብ ዲሴምበር 26 ቀን 1900 ስትደርስ ሰው የለም፣ ሰዓቱ ቆሟል፣ ምድጃው ቀዝቅዟል። ጠረጴዛ ላይ ተጀምሮ የቀረ ምግብ ነበር የሚባለው በኋላ የተጨመረ ነው፤ የወጥ ቤቱ ዕቃ ታጥቦ ነው የተገኘው።

ካፒቴኑ ድንጋዩን አይተው “ዛሬ መውረድ አይሆንም” አሉ። ተናደድኩ። ሙሉ ከፍያለሁ፣ ባሕሩም ያን ያህል አልመሰለኝም። ባሕር ዳር ስላደግሁ ውሃ የማውቅ ይመስለኛል።

መልስ አልሰጡኝም። ጀልባዋን ወደ ምዕራቡ ገደል አዞሩና በጣታቸው ወደ ላይ አሳዩኝ። እዚያ፣ ከባሕሩ 33 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ ገመድ የሚቀመጥበት ሣጥን ነበር። ማዕበል እዚያ ድረስ ወጥቶ ሰባብሮታል፣ ገመዱም ተበታትኖ ተገኘ። መርማሪው የደረሰበት መደምደሚያ ጠባቂዎቹ ዕቃውን ሊያስሩ ወርደው ውሃ ወሰዳቸው የሚል ነው። አንገቴን ወደ ኋላ ጥዬ ነው ያየሁት።

ዱካትና ማርሻል የባሕር ልብሳቸውን ለብሰው ነው የወጡት። የማክአርተር ካፖርት ግን እንደተሰቀለ ነው። በደንቡ አንድ ሰው ማማው ውስጥ መቅረት ነበረበት። በዲሴምበር፣ በዚያ ንፋስ፣ በሸሚዝ የወጣው ጓደኞቹ ሲጮኹ ሰምቶ ይመስለኛል፤ ይሄ የእኔ ግምት ነው።

ከ1971 ወዲህ መብራቱ ያለ ጠባቂ ነው የሚሠራው። ስንመለስ ስለ ገንዘቤ አላነሳሁም። የላይፍ ጃኬቴን ማሰሪያ ግን ሁለቴ አጠበቅኩት።