ሁሉም በሽተኛ 20 የሚተነፍስበት ዋርድ

ዋርድ ገብታችሁ የበሽተኞቹን ካርድ አገላብጡ። አልጋ አንድ፣ ትንፋሽ 20። አልጋ ሁለት፣ 20። ኦክስጅን የተሰካላቸው አባት፣ 20። ነገ ሊወጣ ዕቃውን በፌስታል የሸከፈው ወጣትም 20። የሰው ልጅ ሁሉ ተማክሮ በደቂቃ 20 ጊዜ ሊተነፍስ የተስማማ ነው የሚመስለው።

የነርሲንግ መምህር ነኝ። የሚደርሱኝ ፍሬሽማን ጨርሰው ገና ወደ ትምህርት ክፍሉ የገቡ፣ የነጭ ጋወናቸው እጥፋት ያልጠፋ ልጆች ናቸው። የማስተምራቸው እኛ ጋ «ሄልዝ አሰስመንት» የሚባለውን ነው፤ በሽተኛን መጠየቅ፣ ማየት፣ መዳሰስ፣ በጣት መታ መታ ማድረግ፣ በስቴቶስኮፕ ማዳመጥ። የእጁ ሥራ በልምምድ ይመጣል። እኔን የሚያስቸግረኝ ሌላ ነው፦ ተማሪው መጽሐፉ የሚለውን ትቶ ራሱ ያገኘውን እንዲጽፍ ማድረግ። ያቺ 20 ከየት እንደመጣች ማንም አይጠፋውም። መጽሐፉ የአዋቂ ሰው ትንፋሽ ከ12 እስከ 20 ነው ይላል። 20 ብሎ መጻፍ ማንንም አያስቆጣም። ዶክተሩም አይጠይቅም፣ ሲስተሯም አትጣራም።

ስለዚህ የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ የምጀምረው በትንፋሽ ነው። ባለ ሴኮንድ ሰዓት ካለ ይበቃል። አንድ ፈቃደኛ ተማሪ ፊት ለፊት ይቀመጣል። ሌሎቹ ቆጥረው ቁጥሩን ቁራጭ ወረቀት ላይ ይጽፉና አጥፈው ይሰጡኛል። መነጋገር የለም። አንድ በአንድ እያነበብኩ ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ። 16፣ 20፣ 20፣ 12፣ 24፣ 20፣ 16... ሰውየው አንድ፣ ደቂቃዋም አንድ፣ መልሱ ግን የትየለሌ።

«እስቲ ቁጥሮቹን እዩዋቸው፤ ምን ያመሳስላቸዋል?» እላለሁ። ብዙ ጊዜ ከኋላ የተቀመጠ ዝምተኛ ልጅ ነው የሚይዛት። «ሲስተር፣ ሁሉም ለአራት ይካፈላሉ!» አዎ። አብዛኛው ለ15 ሴኮንድ ቆጥሮ በአራት አባዝቷል። እንዲህ ከሆነ 17 ወይም 19 ጊዜ የሚተነፍስ ሰው ከዓለም ጠፋ ማለት ነው። አንዲት ትንፋሽ ያመለጠችው ደግሞ በአራት ትሳሳታለች። ከዚያ በኋላ «ሙሉ ደቂቃ ቁጠሩ» ስላቸው የሚከራከረኝ የለም።

ሌላው ጣጣ ፊት የተቀመጠው ልጅ ራሱ ነው። ክፍሉ በሙሉ ደረቱ ላይ አፍጥጦ እንዴት እንደወትሮው ይተንፍስ? ሰው እየታየ መሆኑን ካወቀ አተነፋፈሱ ይቀየራል። ስለዚህ የእጁን አንጓ ይዛችሁ የልብ ምቱን ቁጠሩ፤ ስትጨርሱ እጁን ሳትለቁ ዓይናችሁን ወደ ደረቱ መልሱ እላቸዋለሁ። «ይሄ ማታለል አይሆንም ወይ?» ያለኝ ተማሪ ነበር። ወድጄዋለሁ ጥያቄውን። «ልመርምርዎት ብለህ አስፈቅደሃል አይደል? መቼ የቱን እንደምትቆጥር መናገር ግን አይጠበቅብህም» አልኩት። ሙሉ በሙሉ የተዋጠለት አልመሰለኝም።

«ለአንድ ቁጥር ይሄ ሁሉ?» ለሚሉኝ ሕፃናቱን አነሳላቸዋለሁ። ሳል ይዞት የመጣ ሕፃን የሳንባ ምች ይኖርበት እንደሆነ ጤና ኬላና ጤና ጣቢያ ላይ የሚለየው በዋናነት በዚህችው ቆጠራ ነው። ከ2 እስከ 12 ወር ላለ ሕፃን በደቂቃ 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከዚያ እስከ 5 ዓመት ላለው 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን ነው ይባላል። ገጠር ያለችው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ራጅ የላት፣ ላቦራቶሪ የላት። ቆጥራ ነው የምትወስነው። ዲግሪ ሊይዝ የመጣ ልጅ ከእሷ አንሶ ሲቆጥር ያናድደኛል።

ደም ግፊት ላይ ደግሞ ፈጠራው መልኩን ይቀይራል። «115 በ75» ተብሎ ተጽፎ ሲመጣልኝ መለኪያውን አንስቼ ለልጁ እሰጠዋለሁ። «እስቲ 115ን አሳየኝ።» ይፈልጋል፣ ይፈልጋል። ባለ መርፌው መለኪያ ላይ ከሰረዝ ሰረዝ ሁለት ነው። 114 አለ፣ 116 አለ። 115 የሚባል ሰረዝ የለም። ክፍሉ ይስቃል፣ ልጁም ይስቃል። ከዚያ ወዲያ ጎዶሎ ቁጥር ይዞልኝ የሚመጣ የለም።

አለካኩን ቀስ ብዬ ነው የማሳየው። ሰውየው ጀርባውን ተደግፎ፣ እግሩን ሳያነባብር መሬት አስረግጦ፣ አምስት ደቂቃ ያህል ይረፍ። አይናገር፣ አታናግሩት። ክንዱ በልቡ ትይዩ ጠረጴዛ ላይ ይሁን። ጨርቁ የሚጠመጠመው ባዶ ክንድ ላይ ነው፤ የሹራብ እጅጌ ሰብስቦ ወደ ላይ መግፋት ክንዱን ያንቀዋል፣ ይውለቅ። ጨርቁ ለክንዱ ካነሰ ግፊቱን ከእውነተኛው በላይ ያሳያል። ጣታችሁን አንጓው ላይ አድርጋችሁ ንፉ፤ ምቱ ከጠፋበት ላይ 30 ጨምሩ። ስትለቁት በሴኮንድ ሁለት ወይም ሦስት ብቻ ይውረድ።

እዚህች ጋ ነው ሁሉም የሚቸኩለው። መርፌው ሲወርድ ዘለል ዘለል ይላል፤ ተማሪው መርፌው መዝለሉን አይቶ «ሰማሁ» ይላል። መድኃኒቱ ለሁለት ሰው የሚሆን፣ ጥንድ ጥንድ ማዳመጫ ያለው ስቴቶስኮፕ ሆኖ አገኘሁት። አንዱን እኔ፣ ሌላውን ተማሪው ጆሮው ላይ ያደርጋል። እሱ ዓይኑን ይጨፍናል። ድምፁ ሲጀምር ጣቱን ያነሳል፣ ያ የላይኛው ቁጥር ነው፤ ሲጠፋ ያወርዳል፣ ያ የታችኛው። መርፌውን የማየው እኔ ነኝ። ሳንነጋገር ማን እንደሚሰማና ማን እንደሚገምት ይለያል። ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎበት ከሚኖረው ውድ የመለማመጃ አሻንጉሊት ይልቅ ለገንዘቡ የሠራልን ይሄ ነው።

የሚለማመዱት እርስ በርስ ነው። ያለ ጣጣ ግን አይሆንም፤ ልጆቻችን ዓይን አፋር ናቸው። ሴቷ ከሴት፣ ወንዱ ከወንድ ጋር ይመደባሉ። መጋረጃ ይጋረዳል፣ ነጠላ ወይም አንሶላ ጣል ይደረጋል። አልፈልግም ያለች ምክንያት አትጠየቅም። እዚህ ጋ ነው የስቴቶስኮፕን ታሪክ የምነግራቸው። እ.ኤ.አ. በ1816 ፓሪስ ውስጥ ላኔክ የሚባል ሐኪም የአንዲት ወጣት ልብ ማዳመጥ አስፈለገው። በዚያን ጊዜ ሐኪም የሚያዳምጠው ጆሮውን ደረት ላይ ለጥፎ ነበር። ነውር ሆነበት። ወረቀት ጠቅልሎ አንዱን ጫፍ ደረቷ ላይ፣ ሌላውን ጆሮው ላይ አደረገ። ከለመደው ይበልጥ ጥርት ብሎ ተሰማው። ተማሪዎቼም ከደብተራቸው ወረቀት ገንጥለው ይጠቀልላሉ። «ሲስተር፣ በእውነት ይሰማል!» የሚለው ጩኸት ኮሪደሩ ድረስ ይወጣል።

እርስ በርስ ሲመረመሩ ያልታሰበ ነገር መገኘቱም አይቀርም። አንዴ አንድ ተማሪ የጓደኛውን ግፊት ለክቶ 128 በ76 ብሎ ጻፈ። ባለ ጥንዱን ስቴቶስኮፕ ይዘን ነበርና እኔ የሰማሁት 158 ላይ ነው። «አንተስ?» ስለው ትንሽ ዝም ብሎ «እኔም 158 ነው የሰማሁት፤ ግን እሱ ጤነኛ ነው እኮ፣ ኳስ ተጫዋች ነው» አለኝ። ጆሮው ልክ ነበር። ጆሮውን አላመነውም። ልጁ ዐርፎ በሌላ ቀን ሲለካም ከፍ እንዳለ ስለነበር ወደ ሐኪም ላክነው። ከዚያ በኋላ ደንብ አወጣን። በልምምድ የተገኘ ነገር ለመምህር ብቻ ይነገራል፣ ዶርም ውስጥ አይወራም። የልብ በሮችን የሚጎዳው ሩማቲክ የልብ በሽታ በወጣቶቻችን ላይ ብርቅ አይደለምና እንግዳ የልብ ድምፅ የሰማም እንደዚያው።

በጣት መታ መታ ማድረጉ ላይ ብዙ አልቆይም። እናቷ ጠላ ስትጠምቅ ያደገች ልጅ ቶሎ ይገባታል፦ ጋኑን ከጎን መታ መታ ስታደርጊው ጠላው የደረሰበት ላይ ድምፁ ይቀየራል። ደረትም ውኃ ሲቋጥር እንደዚያ ነው። ጥፍር ግን ይቆረጥ። ሆድ ላይ ተራው እንደሚለወጥም አስታውሳቸዋለሁ። መጀመሪያ ማየት፣ ቀጥሎ ማዳመጥ፣ መዳሰስ ወደ መጨረሻ፤ እጅ ከቀደመ የአንጀቱን ድምፅ ይለውጠዋል። በነገራችን ላይ የአንጀት ድምፅ ለማስተማር እንደ ዐቢይ ጾም የሚመች ወቅት የለም። ስድስት ሰዓት ሲቃረብ ስቴቶስኮፕም አያስፈልግም።

የመጽሐፎቻችን ሥዕሎች በአብዛኛው የፈረንጅ ናቸው። ተማሪው በፎቶው ያየውን የገረጣ ጉንጭ በእኛ እናት ፊት ላይ ይፈልግና ሲያጣው «ደም ማነስ የለም» ብሎ ያልፋል። የታችኛውን የዓይን ቆብ ገለጥ አድርጎ ውስጡን፣ ከዚያ መዳፉንና ምላሱን ማየት አለበት። ቢጫነትን በመስኮት ብርሃን እንጂ በመብራት አትፈልጉ፤ አምፖል ያታልላል።

ትምህርቱ በእንግሊዝኛ፣ በሽተኛው በአገሩ ቋንቋ መሆኑም ሌላ ራስ ምታት ነው። ተማሪው የሸመደደውን ጥያቄ እዚያው እየተረጎመ «እማማ፣ ሕመሙ ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል ይሠራጫል?» ይላል። እማማ አስታማሚያቸውን ዞር ብለው ያያሉ። «ያመምዎት ቦታ ላይ በአንድ ጣትዎ ይንኩልኝ እስቲ። ከዚያስ ወዴት ይሄዳል?» ቢላቸው ኖሮ ያበቃ ነበር። ልቤን ነው የሚሉ ሰው ጣታቸው ከእምብርት ከፍ ብሎ ጨጓራው ጋ ሊያርፍ ይችላል። አሁን የመጠየቁን ልምምድ ሁሉም አፉን በፈታበት ቋንቋ ያደርጋል፤ አማርኛም፣ ኦሮምኛም፣ ሌላም። በእንግሊዝኛ የሚጽፉት በኋላ ነው።

ይህ ሁሉ ግን የፈተናው ቼክሊስት እስኪስተካከል ድረስ ብዙም ፈቀቅ አላደረገንም። ቼክሊስቱ «እጁን ታጠበ፣ ራሱን አስተዋወቀ፣ አራቱን የልብ ቦታዎች አዳመጠ» እያለ ይወርዳል። ተማሪ ደግሞ ነቄ ነው። አራቱን ቦታ ደረስ ደረስ አድርጎ ሙሉ ነጥቡን ይዞ ይወጣል። ምን እንደሰማ የጠየቀው የለም! በ2015 ዓ.ም. ለተመራቂዎች ሁሉ የመጣው የመውጫ ፈተናም መልስ መርጦ ማጥቆር ስለሆነ የልጆቹ ልብ ንባቡ ላይ ነው። ከባልደረቦቼ ጋር ብዙ ተከራክረን የቼክሊስቱን ግማሽ ነጥብ «ምን አገኘህ?» ለሚለው ሰጠነው። ፈታኙ ቀድሞ ለክቶ ይይዛል፤ የተማሪው ቁጥር ከእሱ ጋር ይታያል። ከዚህም በላይ ያጨቃጨቀን ሌላ ነገር ነበር። «አልሰማሁም፣ ልድገመው» ወይም «ሌላ ሰው ያረጋግጥልኝ» ያለ ነጥብ እንዳይቀነስበት አልኩ። «ታዲያ ሁሉም አልሰማሁም ቢል?» አሉኝ። ያሉት ጥቂቶች ናቸው። እነሱም ከሰዓት በኋላ ስኪል ላብ፣ የመለማመጃ ክፍላችን፣ መጥተው ካልሰማን አንሄድም የሚሉት ናቸው።

ዋርድ ስንገባ ሌላ ዓለም ነው። አንዷ ተማሪዬ ኦፕሬሽን የተደረጉ እናት ላይ 32 ቆጥራ ልትጽፍ ስትል ተረኛዋ ነርስ «20 በይው ባክሽ፣ አሁን ማን ዶክተር ሲጠራ ሊውል ነው» አለቻት። ነርሷን አልፈርድባትም። ብቻዋን ስንት አልጋ ይዛ ታድራለች። ልጅቷ ግን ድጋሚ ሙሉ ደቂቃ ቆጠረች፤ 32። ጻፈችው፣ ተለማማጁን ሐኪም፣ ኢንተርኑንም ጠራችው። መጥቶ አዳመጣቸውና ራጅ አዘዘ።

ከዚያ በኋላ የነርሶቹን ኃላፊ፣ ሜትሮኗን፣ ሄጄ አነጋገርኳት። ወቀሳ አላቀረብኩም፣ ያቀረብኩት ልውውጥ ነው። የጠዋቱን ልኬት ተማሪዎቼ ይሠሩልሽ፣ ለሁለት ተማሪ አራት አልጋ ብቻ ይሰጥ፣ ቁጥራቸው ካርድ ላይ ይግባ፣ እኔ ደግሞ ከየጥንዱ አንድ በሽተኛ ደግሜ እለካለሁ። ተስማማች። ነርሶቹም ለሌላ ሥራ ትንፋሽ አገኙ። አሁን ስንዘገይ «ልጆቹ የት ቀሩ?» ብለው የሚደውሉት እነሱ ናቸው። የሚያሳስበኝ ክረምቱ ነው። ተማሪ የለም፣ ነርሶቹ ያው ናቸው። ሜትሮኗ በነሐሴ ካርዶቹን አብረን እንድናይ ፈቅዳለች። እኔ ቆጠራው ይቀራል ብያለሁ፣ እሷ «አይቀርም፣ ለምደውታል» ትላለች። በማኪያቶ ተወራርደናል። እንዲያሸንፉኝ እየጸለይኩ ነው።