አንዷ ፓኬት ብቻ ለምን ትጠፋለች? የቼክሰም ኦፍሎድ ባግ እንዴት እንዳስተካከልኩ

አንድ የኔትወርክ ካርድ ድራይቨር (ካርዱን የሚያሰራው ሶፍትዌር) ላይ ሶስት ቀን ሙሉ ያሰቃየኝን ባግ ላካፍላችሁ። በአይፒቪ6 (አዲሱ የአይፒ ስሪት) ዩዲፒ (መድረሱን ሳያረጋግጥ የሚልክ ፕሮቶኮል) የሚልክ ፕሮግራም ነው፣ ሁሉም ይሰራል ግን አልፎ አልፎ አንድ መልእክት አይደርስም፣ ፕሮግራሙ መልሶ ይልካታል አሁንም የለችም፣ አስር ጊዜ ቢልካትም ያቺው መልእክት አትደርስም። ችግሩ ኬብል ወይ የመስመር መጨናነቅ ቢሆን ሁለተኛው ሙከራ ያልፍ ነበር፣ እዚህ ግን የሚወስነው ይዘቱ ነው፣ ይሄን ቶሎ ልብ ብዬ ቢሆን ኖሮ ሁለት ቀን ይተርፈኝ ነበር።

መጀመሪያ ላኪው ማሽን ላይ ቲሲፒደምፕ (የሚያልፉትን ፓኬቶች የሚያሳይ መሳሪያ) ከፈትኩ፣ የሚወጣው ፓኬት ሁሉ ቼክሰሙ (ዳታው መንገድ ላይ እንዳልተበላሸ ማረጋገጫ ቁጥሩ) ስህተት ነው ይላል። እዚህ ጋ እንዳትሸወዱ! ኦፍሎድ (ስሌቱን ከሲፒዩ ወደ ካርዱ ማዛወር) ሲበራ ቼክሰሙን የሚጨርሰው ካርዱ ነው፣ ቲሲፒደምፕ ደግሞ ከዛ በፊት ነው የሚያየው፣ ስለዚህ ተቀባዩ ጋ ሄዳችሁ እዩ። በኢዝቱል (የካርዱን ሴቲንግ የሚቀይር ትዕዛዝ) የቲኤክስ (የመላኪያውን) ኦፍሎዱን ሳጠፋው ችግሩ አብሮ ጠፋ፣ ጣጣው ካርዱ ጋ እንደሆነ ያኔ ገባኝ።

ከዛ ፖርቱም አድራሻውም ሳይቀየር 2 ባይት ዳታ ከ0 እስከ 65535 እየቀያየረ የሚልክ ስክሪፕት ጻፍኩ። ከ65536ቱ አንዷ ብቻ ጠፋች፣ ብደግመውም ያቺው ቁጥር። ተቀባዩ ጋ ፓኬቷን ከፍቼ ሳያት የቼክሰም ቦታው ዜሮ ነው።

ዩዲፒ ላይ ዜሮ ማለት "ቼክሰም አልሰራሁም" ማለት ነው፣ ስለዚህ ስሌቱ ራሱ ዜሮ ከመጣ 16ቱም ቢት 1 ሆኖ እንዲላክ የዩዲፒ ደንብ የሆነው አርኤፍሲ 768 ከ1980 ጀምሮ ያዛል፣ ካርዱ ግን ይቺን አያደርጋትም። አይፒቪ6 ዜሮውን አይቀበልም፣ ይጥለዋል። አይፒቪ4 ላይ ያው ባግ አለ ግን ፓኬቱ ሳይፈተሽ ዝም ብሎ ያልፋል፣ እኔን በጣም ያስፈራኝ እሱ ነው። ቲሲፒ (መድረሱን እያረጋገጠ የሚልከው ፕሮቶኮል) ላይ ዜሮ የተለየ ትርጉም ስለሌለው ችግር የለም።

ኦፍሎዱን በሙሉ ማጥፋት ይቀል ነበር፣ ግን ደህናውን ቲሲፒ ሲፒዩ ላይ መጫን ልክ አልመሰለኝም። ድራይቨሩ ውስጥ ኬርኔሉ (የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት) በየፓኬቱ "ይሄን ትችላለህ?" ብሎ የሚጠይቅበት ፈንክሽን አለ፣ እዛ ላይ ዩዲፒ ከሆነ አልችልም እንዲል አደረግኩት፣ ከዛ ኬርኔሉ በሶፍትዌር ይሰራዋል፣ ዜሮዋንም ራሱ ይቀይራታል። 65536ቱም ደረሱ። ቪላን ታግ (ፓኬቱ የየትኛው ንዑስ ኔትወርክ እንደሆነ የሚናገር ምልክት) ጨምሬ ስሞክረው ግን አንዷ እንደገና ጠፋች፣ ለካ ኮዴ የሚያየው የታጉን ፕሮቶኮል ነው፣ ከታጉ ስር ያለውን እንዲያይ ሳስተካክለው እሷም ደረሰች፣ ቼክሰሟም 16ቱም ቢት 1።