አሠሪዬ የስፖንሰርነት ፈቃዱን ሲነጠቅ ቪዛዬን እንዴት አተረፍኩ

እንግሊዝ አገር በእንክብካቤ ሠራተኛ ቪዛ የገባሁት እ.ኤ.አ. በ2023 ነው። ያኔ አገሪቱ አረጋውያንን የሚረዳ ሰው አጥታ በሯን ወለል አድርጋ ከፍታ ነበር። ከዚያ ወዲህ ደንቡ ተረጋግቶ አያውቅም። ከማርች 11 ቀን 2024 ጀምሮ አዲስ የሚመጡ የእንክብካቤ ሠራተኞች የትዳር ጓደኛና ልጆቻቸውን ማምጣት ተከለከሉ፤ ከጁላይ 22 ቀን 2025 ጀምሮ ደግሞ ከውጭ አዲስ ሠራተኛ ማስመጣቱ ጭራሹን ተዘጋ። የእኔ አሠሪ የስፖንሰርነት ፈቃዱን፣ ማለትም የውጭ አገር ሠራተኛ በቪዛ ለመቅጠር ከመንግሥት የተሰጠውን ፈቃድ፣ የተነጠቀው በእነዚህ ሁለት ቀኖች መካከል ነው።

ይህን የነገረኝ አሠሪዬ አይደለም። መንግሥት ፈቃድ ያላቸውን ቀጣሪዎች ዝርዝር በየጊዜው እያደሰ ለሕዝብ ያወጣል። ደመወዛችን መዘግየት ሲጀምር ዝርዝሩን አልፎ አልፎ የመፈተሽ ልማድ አበጅቼ ነበር። አንድ ማለዳ የድርጅቱ ስም ጠፋ። በከተማው ስም ፈለግኩ፣ አጻጻፉን ቀይሬ ሞከርኩ፤ የለም። ሥራ አስኪያጁ ግን በዚያው ሳምንት የቀጣዩን ወር የፈረቃ ሰሌዳ ምንም እንዳልተፈጠረ ለጥፎ ነበር።

ፈቃድ ሲሰረዝ ለሠራተኛው ከአገር ውስጥ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ይደርሰዋል። አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው 60 ቀን ነው፤ በዚያ ውስጥ ሌላ አሠሪ አግኝቶ ማመልከት፣ አለዚያም ከአገር መውጣት። እኔ ሥራ መፈለግ የጀመርኩት ደብዳቤው ሳይመጣ ስለነበር ትንሽ ፋታ አገኘሁ።

ከደብዳቤው የከፋው ወሬው ነው። «አሠሪ ከቀየርክ የባለቤትህ ቪዛ ይወድቃል» ያሉኝ ሰዎች ጥቂት አይደሉም። አንድ ደላላማ መፍትሔውን ሊሸጥልኝ ዋጋ ቆርጦ መጣ። (እዚህ አገር ሳይመዘገቡ በክፍያ የኢሚግሬሽን ምክር መስጠት ወንጀል ነው፤ ይህን የሚነግር ደላላ ግን እስካሁን አላጋጠመኝም።) ስለዚህ ደንቡን ራሱን ቁጭ ብዬ አነበብኩ። ብዙ ሰው የሚዘለው የሽግግር ድንጋጌውን፣ ማለትም አዲሱ ደንብ ከመጽናቱ በፊት የነበሩ ሰዎች እንዴት እንደሚስተናገዱ የሚናገረውን ክፍል ነው፤ እኔን የሚመለከተው ነገር በሙሉ ያለው ግን እዚያ ነበር። የቤተሰብ ክልከላው ከማርች 11 በፊት በዚሁ ቪዛ ላይ የነበሩትን አይነካም። በእንክብካቤ ሥራው እስከቀጠሉ ድረስ አሠሪ ቢቀይሩም ቤተሰባቸው አብሯቸው ይቆያል። ያን አንቀጽ አትሜ ለባለቤቴ ሰጠኋት፤ ከዚያ ወዲያ ስለ ወሬው ቤታችን ውስጥ አልተነሳም።

ሥራ ፍለጋው ላይ ያልጠበቅኩት ነገር አገዘኝ። ከኤፕሪል 9 ቀን 2025 ጀምሮ እንግሊዝ ውስጥ ያለ የእንክብካቤ ድርጅት ከውጭ ሰው ከማስመጣቱ በፊት፣ እዚሁ አገር ሆነው ስፖንሰር ያጡትን ለመቅጠር መሞከሩን ማሳየት ነበረበት። ገና ለመምጣት ለተዘጋጁት መሰናክል የሆነው ደንብ ለእኔ መግቢያ ሆነ። ይህ ሲባል ግን የቀረበልኝን ሁሉ ተቀበልኩ ማለት አይደለም። ከዚያው ቀን ጀምሮ ለዚህ ቪዛ የሚፈለገው ዝቅተኛ ክፍያ በሰዓት 12.82 ፓውንድ ሆኖ ነበር፤ ከዚህ በታች የሚከፍል ቀጣሪ ጋር ብፈርም ማመልከቻዬ ውድቅ እንደሚሆን አውቅ ስለነበር አንዱን ተውኩት። ሌላው የስፖንሰርሺፕ ሰርተፊኬቱን (አሠሪው ለቪዛ ማመልከቻው የሚሰጠውን ማረጋገጫ) ወጪ እንድሸፍን ጠየቀኝ። ከዲሴምበር 31 ቀን 2024 ወዲህ ለሚሰጥ ሰርተፊኬት ይህን ወጪ በሠራተኛው ላይ መጫን ክልክል እንደሆነ ጠቅሼ ስጽፍለት መልስ አልሰጠኝም። መልስ ያልሰጠ ቀጣሪ ፈቃዱ እስከመቼ እንደሚቆይለት መገመት ከባድ አይደለም።

የቀጠረችኝ ሥራ አስኪያጅ በስልክ የጠየቀችኝ አጭር ነበር፦ የደመወዝ መግለጫዎች፣ መንጃ ፈቃድ፣ የሥልጠና ምስክር ወረቀቶች፣ የመሥራት መብቴን የምታይበት ኮድ። ሁሉንም ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ በራሴ ኮምፒውተር አስቀምጬ ስለነበር ከሰዓት በኋላ ላክሁላት። ከእኔ ጋር ይሠሩ የነበሩ ሰዎች ማስረጃቸው የነበረው በድርጅቱ ሥርዓት ውስጥ ብቻ ነበር፤ ድርጅቱ ሲዘጋ የይለፍ ቃላቸውም አብሮ ተዘጋ።

ውሳኔው እስኪወጣ አዲሱን ሥራ መጀመር አይፈቀድም። ይህን ጊዜ የተሻገርነው በቁጠባ ነው። ለጠበቃ የሚከፈለውን ብዙ ሰው ያስባል፣ ያለ ደመወዝ የሚያልፉትን ሳምንታት ግን የሚያስብ ጥቂት ነው።

በሜይ 2025 መንግሥት ለቋሚ መኖሪያ የሚያስፈልገውን ጊዜ ከ5 ወደ 10 ዓመት የማራዘም ሐሳብ ሲያወጣ ባልደረቦቼ በዚያው ሳምንት ሻንጣ ማዘጋጀት ጀመሩ። የወጣው የሐሳብ ሰነድ እንጂ ደንብ አልነበረም፤ የሚጸናበት ቀንም፣ የሽግግር ድንጋጌም አልነበረውም። እኔ ያደረግኩት ከአገር የወጣሁባቸውን ቀኖች ከትኬቶቹ ጋር እያያያዝኩ መመዝገብ ነው፤ ለቋሚ መኖሪያ የሚያመለክት ሰው በማንኛውም 12 ወር ውስጥ ከ180 ቀን በላይ ከአገር ውጭ መቆየት የለበትምና። የመመለሻ ትኬቴን ቀን የምቆርጠው መጀመሪያ ያን መዝገብ ከፍቼ ነው።