ሚዛኑ ያልነገረን

በሐረር ከተማ በአንድ ሆስፒታል የካንሰር ሕክምና ክፍል ነርስ ሆኜ ስሠራ፣ የትልቁ አንጀት ካንሰር ያለባቸው የ58 ዓመት ልብስ ሰፊ በየ3 ሳምንቱ ለኬሞቴራፒ ይመጡ ነበር። በጁገል ውስጥ፣ የስፌት መኪና ድምፅ ስም ባወጣለት «መኪና ግርግር» በተባለው መንገድ ብዙ ዓመት የሰፉ ሰው ናቸው። በተከታታይ 3 ጊዜ ሚዛን ላይ ወጥተው 54 ኪሎ ስለሆኑ ካርዳቸው ላይ «ክብደት አልቀነሰም» ብዬ ጻፍኩ፤ ደስም አለኝ።

በ4ኛው ቀጠሮ ከወንበር ለመነሣት የባለቤታቸውን ትከሻ ሲደገፉ አየሁ። «ጋሼ፣ ምን ሆኑ?» ብላቸው፣ «ጉልበቴ ከዳኝ፣ ሲስተር። መኪናውን መርገጥ አቅቶኛል፤ መቀሱም ወፍራም ጨርቅ አልቆርጥ ብሎኛል» አሉኝ። ከዚያም የስፌት ሜትራቸውን ከኪሳቸው አውጥተው የላይኛው ክንዳቸው ላይ ጠመጠሙና፣ «ለፋሲካ ለራሴ ሸሚዝ ስሰፋ ይህ ክንድ 27 ሴንቲሜትር ነበር፤ ዛሬ 24 ነው» አሉ። ባለቤታቸው ቀበል አድርገው፣ «ከሰውነት ተራ ወጥቷል ስላችሁ እኮ ሚዛኑን ነው የምታሳዩኝ» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር፤ ባለፈው ቀጠሮ ይህንኑ ሲነግሩኝ ቁጥሩን ነበር ያሳየኋቸው።

ቁርጭምጭሚታቸውን በጣቴ ብጫነው ጎድጉዶ ቀረ። ጡንቻው ሲሄድ በምትኩ ውኃ እየተጠራቀመ ሚዛኑን እኩል አድርጎታል ማለት ነው። በካንሰር የሚመጣው የጡንቻ መመንመን ተራ ረኀብ አይደለም፤ ዕጢውና ሰውነት ለዕጢው የሚሰጠው የብግነት (የመቆጣት) ምላሽ የምግብ ፍላጎትን እየዘጉ ጡንቻው ከሚገነባበት ፍጥነት በላይ እንዲፈርስ ያደርጋሉ። ስለዚህ በምግብ ብቻ ሙሉ በሙሉ አይመለስም።

የመድኃኒት ፌስታላቸውን ስንፈትሽ ደግሞ ሌላ ነገር አገኘን። ለማቅለሽለሽ ለጥቂት ቀናት ብቻ የታዘዘላቸውን ዴክሳሜታሶን፣ የምግብ ፍላጎታቸውን ስለከፈተው፣ ቤተሰቡ ከመድኃኒት ቤት እየገዛ ለ2 ወር ያህል በየቀኑ ሰጥቷቸዋል። ፍላጎት መክፈቱ እውነት ነው፤ ሲራዘም ግን በተለይ የጭንና የዳሌ ጡንቻን ያመነምናል፤ በድንገት ማቋረጡም አደገኛ ነው። ቤተሰቡን አልወቅስም፤ ምን እየወሰዱ እንደሆነ በየቀጠሮው መጠየቅ የእኔ ሥራ ነበር።

ሐኪሙ ዴክሳሜታሶኑን ቀስ በቀስ እየቀነሱ አስቆሟቸው፤ ለምግብ ፍላጎታቸውም ማታ ማታ 2.5 ሚሊግራም ኦላንዛፒን አዘዙ። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣ የህንድ ሐኪሞች ጥናት ይህ መጠን ኬሞቴራፒ በሚወስዱ ሕመምተኞች ላይ ፍላጎትንና ክብደትን እንደሚያሻሽል አሳይቷል፤ የጡንቻን ጉልበት ይመልሳል ብሎ ግን ለቤተሰቡ ቃል የገባ ሰው አልነበረም። ፕሮቲኑን በኪሎ ከ1 እስከ 1.5 ግራም፣ ማለትም በቀን ከ54 እስከ 81 ግራም ለማድረስ አሰብን። አንድ እንቁላል 6 ግራም ያህል፣ አንድ ብርጭቆ ወተት ደግሞ 8 ግራም ያህል ስለሚሰጥ ስሌቱ ቀላል አልነበረም፤ ፍልሰታም እየገባ ነበር። የንስሐ አባታቸው ያለማመንታት ፈቀዱላቸው። ትልቅ ሰሃን ማስጨነቁን ትተን በየ2 ሰዓቱ ጥቂት ጥቂት እንዲቀርብላቸው ተስማማን።

ምግቡ ጡንቻ የሚሆነው ጡንቻው ሲሠራ ነውና በቀን 2 ጊዜ ከወንበር 5 ጊዜ መነሣትና መቀመጥ፣ ግማሽ ሊትር ውኃ የሞላ ሃይላንድም በየእጃቸው ማንሣት ጀመሩ። መጀመሪያ ላይ ያለ ድጋፍ የተነሡት 2 ጊዜ ብቻ ነበር። ባለቤታቸው «ዕረፍት ያስፈልገዋል» እያሉ ያስቀምጧቸው ስለነበር እሳቸውን ማሳመን ከሕመምተኛው ይልቅ ጊዜ ወሰደ።

በኅዳር ሲመጡ የእግራቸው እብጠት ጎድሎ ሚዛኑ 52 አሳየ። የቀድሞዋ እኔ ብሆን እደነግጥ ነበር። ክንዳቸው ግን 25 ሆኗል፤ ከወንበሩም 5 ጊዜ ያለ እጅ ድጋፍ ተነሡ። ግማሽ ቀን መኪናቸውን እየረገጡ እንደሚውሉ፣ ወፍራሙን ጨርቅ ግን አሁንም ልጃቸው እንደሚቆርጥላቸው ነገሩኝ። በካርዳቸው ላይ ከክብደቱ ጎን የክንዳቸውን ልክና የተነሡበትን ብዛት ጻፍኩ።